ኦክስጅን ይለያያል፣ ኤሌክትሮን አይለያይም

ደቡብ ወሎ ውስጥ፣ ከደሴ በስተሰሜን የሚገኘው የሐይቅ ሐይቅ ውሃውን ይዞ የሚወጣ ወንዝ የለውም። ፀሐይ ግን ከላዩ ሳታቋርጥ ትወስዳለች፤ ስትወስድም ታዳላለች። አብዛኞቹ የኦክስጅን አቶሞች 8 ኒውትሮን ሲኖራቸው፣ ከ500ው አንዱ ያህል 10 አለው። ቀላሉን የያዘው ውሃ ቀድሞ ይተናል፤ ከባዱ ወደ ኋላ ይቀራል። ዝናብ ባነሰ ዘመን የከባዱ ድርሻ ይጨምራል፤ ይህም ከሐይቁ ግርጌ በሚዘቅጠው ኖራማ ደለል ውስጥ ታትሞ ይቀራል። ተመራማሪዎች የጥንቱን ድርቅና ዝናብ የሚያነቡት ከዚያ ጭቃ ነው።

እንግዲህ ኦክስጅን ሁሉ አንድ አይደለም። ወደ ውስጥ ዘልቀን ኤሌክትሮኖቹንስ ብንጠይቅ? በከባዱ አቶም ውስጥ ያለው ኤሌክትሮን በቀላሉ ውስጥ ካለው በምን ይለያል?

በምንም። «በጣም ይመሳሰላሉ» ማለቴ አይደለም፤ የሚለያቸው ነገር ጨርሶ የለም። ሁሉንም መዝኖ ያየ ሰው ሳይኖር ይህን በድፍረት መናገር እንዴት ይቻላል? መልሱ ያለው ከሚዛን ሳይሆን ከቆጠራ ነው።

ሕንዳዊው የፊዚክስ ሊቅ ሳትየንድራ ናት ቦዝ በ1924 እ.ኤ.አ. የብርሃን ቅንጣቶችን፣ ማለትም ፎቶኖችን፣ ቆጠረ። ሁለት ፎቶኖች በሁለት ቤት ሲደለደሉ ወይ ሁለቱም ግራ፣ ወይ ሁለቱም ቀኝ፣ ወይ አንድ አንድ ሆነው ይገባሉ። የሚለዩ ቢሆኑ ኖሮ ቦታ መለዋወጣቸው አራተኛ አማራጭ ይሆን ነበር። ቦዝ ግን ሦስት ብቻ ብሎ ቆጠረ፤ ከጋለ አካል የሚወጣውን ብርሃን የሚገልጸውን የፕላንክን ቀመርም በትክክል አገኘ። ተፈጥሮ ራሷ መለዋወጡን አትቆጥረውም ማለት ነው።

ኤሌክትሮኖች ጠባያቸው ሌላ ነው። የፊዚክስ ሊቁ ቮልፍጋንግ ፓውሊ በ1925 እንዳሳየው፣ ሁለት ኤሌክትሮኖች ፍጹም በአንድ ሁኔታ ላይ መገኘት አይችሉም። ዝቅተኛው እርከን ያለው ሁለት ሁኔታ ብቻ ስለሆነ፣ ከኦክስጅን 8 ኤሌክትሮኖች ሁለቱ እሱን ሲይዙ፣ ስድስቱ ወደ ላይኛው ይወጣሉ። ኦክስጅን ሃይድሮጅንን የሚይዘው በእነዚህ ስድስት ነው። ኤሌክትሮኖቹ ቅንጣት ታህል የተደበቀ መለያ ቢኖራቸው ግን ክልከላው አይነካቸውም፤ ስምንቱም ታች ይታጨቃሉ፤ እኛ የምናውቀው ውሃም አይኖርም። ለእኔ ከየትኛውም የላቦራቶሪ ውጤት በላይ የሚያሳምነኝ ይህ ነው።

ላቦራቶሪ ለሚሻ ሂሊየም አለ። ሂሊየም 3 እና ሂሊየም 4 የሚለያዩት በአንድ ኒውትሮን ብቻ ነው፤ በኬሚስትሪ ረገድ መንትያ ናቸው። ሆኖም የአንድ ኒውትሮን ልዩነት አቶሞቹን ከአንዱ የቆጠራ ወገን ወደ ሌላው ያሻግራቸዋል፤ ሂሊየም 4 ከፎቶኖች፣ ሂሊየም 3 ከኤሌክትሮኖች ወገን ይቆማል። ሂሊየም 4 በ2.17 ኬልቪን ያለ ምንም ሰበቃ መፍሰስ ሲጀምር፣ ሂሊየም 3 ለዚያ የሚበቃው ከ0.003 ኬልቪን በታች ሲቀዘቅዝ ነው።

ኤሌክትሮኖች ግን ለምን አንድ ሆኑ? የዛሬው ፊዚክስ እንደሚለው ኤሌክትሮኖች በየፊናቸው የተሠሩ ዕቃዎች ሳይሆኑ፣ ሕዋን ሁሉ የሞላ የአንድ መስክ ንቅናቄዎች ናቸው። የፊዚክስ ሊቁ ጆን ዊለር ግን በ1940 ለተማሪው ለሪቻርድ ፋይንማን ስልክ ደውሎ፣ ያለው ኤሌክትሮን አንድ ብቻ እንደሆነና በጊዜ ውስጥ ወደፊትና ወደኋላ እንደሚመላለስ ነገረው። ወደኋላ ሲጓዝ ፖዚትሮን፣ ማለትም ተቃራኒ የኤሌክትሪክ ሙል ያለው አቻው፣ መስሎ ይታያል ማለቱ ነው። ያ ቢሆን የፖዚትሮኑ ቁጥር ከኤሌክትሮኑ ጋር በተቀራረበ ነበር፤ አልሆነም። ፋይንማን አንድ ኤሌክትሮን የሚለውን ትቶ፣ ፖዚትሮንን በጊዜ ወደኋላ የሚጓዝ ኤሌክትሮን አድርጎ የማየቱን ሐሳብ ወሰደ፤ በ1949ም አሳተመው።