የጎጃም ዝናብ፣ የካርቱም ጎርፍ

በነሐሴ 2012 ዓ.ም. ማብቂያ የዓባይ ከፍታ ካርቱም ላይ 17 ሜትር ተኩል ደረሰ። የወንዙ ከፍታ እዚያ መለካት ከጀመረ ከመቶ ዓመት በላይ ሲሆን፣ እንዲህ ያለ ቁጥር ተመዝግቦ አያውቅም። ሱዳን የሦስት ወር የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አወጀች። በአገሪቱ መቶ ያህል ሰው ሞተ፤ ከ100 ሺህ በላይ ቤቶች ፈረሱ ወይም ተጎዱ።

ካርቱም የበረሃ ዳር ከተማ ናት። በአማካይ ዓመት የምታገኘው ዝናብ 200 ሚሊ ሜትር አይሞላም። ወንዙን የሚሞላው ክረምት የሚጥለው በጎጃም፣ በወሎና በወለጋ ነው። ነጭ ዓባይ ዓመቱን ሙሉ ረጋ ብሎ ሲፈስ፣ ዓባይ የሕዳሴ ግድብ ከመጠናቀቁ በፊት ነሐሴ ላይ ደፍርሶና ገንፍሎ ይደርስ ነበር። ሁለቱ የሚገናኙት ቱቲ ደሴት አጠገብ ነው። የደሴቲቱ ሰዎች ክረምት በመጣ ቁጥር በዳርቻው ጠባቂ አቁመው፣ አፈር በጆንያ እየሞሉ ጎርፉን ሲከላከሉ ኖረዋል። የ1938 ዓ.ም. ጎርፍ ዛሬም ይወሳል። አንዳንዴ ደግሞ ሰማዩ ራሱ ይከፋል፤ በሐምሌ 1980 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ200 ሚሊ ሜትር በላይ ዘንቦ ከሚሊዮን በላይ ሰው መጠለያ አጥቷል።

ወንዙ ከዓመት ዓመት የሚዋዥቅበትን ምክንያት ከፈለጉት መካከል የካርቱም ዩኒቨርሲቲ ምሩቅና በአሜሪካ የኤምአይቲ ፕሮፌሰር የሆኑት ኤልፋቲህ ኤልታሂር ይገኙበታል። በ1988 ዓ.ም. ባሳተሙት ጥናት፣ ከናይል ዓመታዊ ፍሰት መለዋወጥ ሩብ ያህሉ ከኤልኒኞ ጋር እንደሚያያዝ አሳይተዋል። ሩቅ ያለው የፓስፊክ ውቅያኖስ ሲሞቅ በደጋችን ክረምቱ ይሳሳል፤ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ይበረታል። በ2007 ዓ.ም. ክረምት ኤልኒኞ ዝናቡን ሲያሳጣ፣ ከ10 ሚሊዮን በላይ ኢትዮጵያውያን እርዳታ ጠባቂ ሆነዋል። የአንዱ ማሳ ድርቅና የሌላው ወንዝ መጉደል መነሻቸው አንድ ሰማይ ነው።

ስለዚህ የካርቱም የጎርፍ ማስጠንቀቂያ የሚጀምረው ከኢትዮጵያ ነው። ደጋ ላይ የተለካው ዝናብና ድንበር ላይ ባለው የኤልዲየም ጣቢያ የተለካው ፍሰት፣ ውሃው ካርቱም ከመድረሱ ከቀናት በፊት ሊታወቅ ይችላል። አዲስ አበባ የሚገኘው የምሥራቅ ናይል ቴክኒካል ክልላዊ ጽሕፈት ቤት የጎርፍ ትንበያ ያወጣል፤ ናይሮቢ ያለው የኢጋድ የአየር ንብረት ማዕከልም የወቅቱን ዝናብ ይተነብያል። እነዚያ ቀናት አንድ ቤተሰብ ልጆቹንና እህሉን ከፍ ወዳለ ቦታ የሚያወጣባቸው ናቸው።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ካርቱም ውስጥ የፈነዳው ጦርነት ሚሊዮኖችን አፈናቀለ፤ መንግሥትም ወደ ፖርት ሱዳን ሄደ። ጦርነት ልኬትን ሊያቋርጥ ይችላል፤ የአየር ሁኔታ ሳይንስ ደግሞ ያለ ተከታታይ ልኬት አይቆምም፤ ያልተለካ ክረምት ተመልሶ አይለካም። ታላቁ የሕዳሴ ግድብ በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. ተመርቆ ብዙም ሳይቆይ ሱዳን ውስጥ ጎርፍ ሲነሳ፣ ግብፅ ኢትዮጵያን ወነጀለች፤ ኢትዮጵያም ክሱን ውድቅ አደረገች። ክርክሩን የሚዳኘው ሁሉም የሚያየው ቁጥር ነው።

ግድቡ ክረምት ላይ ውሃ ይዞ ጎርፉን የመግራት አቅም አለው። ይህ የሚሆነው ግን የለቀቀውም የተቀበለውም በየዕለቱ ሲነጋገሩ ነው። የውሃ ድርሻ ድርድር ዓመታት ሊፈጅ ይችላል፤ የዝናብና የፍሰት መረጃ ግን ድርድሩን መጠበቅ የለበትም። አዲስ አበባና ካርቱም መረጃውን በየክረምቱ፣ በየዕለቱ፣ ያለ ቅድመ ሁኔታ ይለዋወጡ።