ሥራ ላይ ያለ ኢንሱሌሽን ሲደክም

በኤሌክትሪክ መሣሪያ ውስጥ ሽቦው ኃይሉን ያስተላልፋል፤ ኢንሱሌሽኑ ደግሞ ኃይሉ ከመንገዱ እንዳይወጣ ያግዳል። የጄኔሬተር ጥቅልል የሚለበጥበት ሚካ፣ የትራንስፎርመር ወረቀትና ዘይት፣ የኬብል ፕላስቲክ፣ በምሰሶ ላይ የሚታየው ስኒ፣ የሁሉም ሥራ ይኸው ነው። ሙቀት፣ እርጥበት፣ ንዝረትና አቧራ ቀስ በቀስ ያደክሟቸዋል።

በአዳማ ዙሪያ እነዚህ መሣሪያዎች በብዛት ይገኛሉ። በአዋሽ ወንዝ ላይ የተሠራው የቆቃ ኃይል ማመንጫ ከ1952 ዓ.ም. ጀምሮ ያገለግላል፤ አቅሙም 43 ሜጋ ዋት ገደማ ነው። አዳማ አንድ የነፋስ ኃይል ማመንጫ በ34 ተርባይኖች 51 ሜጋ ዋት፣ በ2007 ዓ.ም. የተመረቀው አዳማ ሁለት ደግሞ በ102 ተርባይኖች 153 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አላቸው።

አካባቢው ለኢንሱሌሽን ቀላል አይደለም። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,600 ሜትር በላይ ትገኛለች። ከፍታ ሲጨምር አየሩ ይሳሳል፤ ኤሌክትሪክን የማገድ አቅሙም በየ100 ሜትሩ በ1 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። በበጋ ነፋስ የሚያነሳው አቧራ በስኒዎች ላይ ይከማቻል። ደረቅ እያለ ጉዳቱ ትንሽ ነው፤ ካፊያ ሲያርሰው ግን ኤሌክትሪክ ይሾልክበታል፣ ብልጭታ ይነሳል፣ መስመሩም ሊቋረጥ ይችላል። ኃይለኛ ዝናብ በአንጻሩ አጥቦ ያጸዳዋል።

የውስጡ ጉዳት በዓይን አይታይም። በኢንሱሌሽን ውስጥ የቀረች ትንሽ የአየር ክፍተት ቮልቴጁን መቋቋም ሲያቅታት በውስጧ ብልጭታ ይፈጠራል፤ ባለሙያዎች ፓርሻል ዲስቻርጅ ይሉታል። እያንዳንዱ ብልጭታ ዙሪያውን በጥቂቱ ያቃጥላል፤ ጉዳቱ ለወራት ወይም ለዓመታት ተጠራቅሞ መሣሪያውን ያበላሻል።

ብልጭታው ግን ምልክት ይሰጣል። በመሬት ሽቦ ላይ የሚታሰር መሣሪያ ቅጽበታዊ የኤሌክትሪክ ምት ይይዛል፤ ሌሎች መሣሪያዎች ጆሮ የማይሰማውን ድምፅና የሬዲዮ ሞገዱን ይለያሉ። ከትራንስፎርመር ዘይት ናሙና ተቀድቶ የሟሟው ጋዝ ይመረመራል፦ ሃይድሮጅን ፓርሻል ዲስቻርጅን፣ ኤቲሊን ከልክ ያለፈ ሙቀትን፣ አሴቲሊን ኃይለኛ ብልጭታን ይጠቁማል።

ኃይል ተቋርጦ፣ የኢንሱሌሽንን የመቋቋም አቅም በሚለካው ሜገር የሚደረገው ፍተሻ ጠቃሚ ቢሆንም፣ መሣሪያው በሥራ ላይ የሚደርስበትን ቮልቴጅ፣ ሙቀትና ንዝረት አያሳይም። በሥራ ላይ የሚደረገው ምርመራም ፈተና አለው፤ ከውጭ የሚመጣ የኤሌክትሪክ ረብሻ ሊያሳስት ይችላል። ትክክለኛው ምልክት በሰከንድ 50 ጊዜ በሚመላለሰው ቮልቴጅ ላይ በተወሰነ ቦታ እየተደጋገመ ስለሚወጣ ይህ ለመለየት ይረዳል።

አንድ ልኬት ብቻውን ብዙ አይናገርም፤ ዋናው ነገር ልኬቱ ከወር ወር እንዴት እንደተለወጠ ነው። መጠኑ በፍጥነት እየጨመረ ሲሄድ መሣሪያው ሳይቃጠል፣ አስቀድሞ በታቀደ ጊዜ ኃይል ተቋርጦ ይጠገናል።