ጊር፤ አንድ ቃል ብዙ ትርጉም

አንድ ቃል ብዙ ትርጉም ሊኖረው ይችላል። ይህን ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። «ዕቃ» የሚለውን የራሳችንን ቃል እንመልከት። የቤት ዕቃ ስንል ድስት፣ ምጣድና እንስራ ይታየናል። የበቅሎ ዕቃ ስንል ኮርቻ፣ ልጓምና እርካብ ነው። የእርሻ ዕቃ ስንል ደግሞ ሞፈር፣ ቀንበርና ማረሻ ነው። ድሮ ወታደር ለጦርነት የሚለብሰው ዕቃ ጦር ይባል ነበር። ቃሉ ያው አንድ ነው። ትርጉሙን የሚለየው አብሮት የሚነገረው ቃል ነው።

እንግሊዞችም እንደዚሁ «ጊር» የሚሉት ቃል አላቸው። ጂ፣ ኢ፣ ኤ፣ አር በሚባሉ አራት የእንግሊዝኛ ፊደሎች ይጻፋል። ይህ ቃል ከውጭ አገር በሚመጡ መኪናዎችና ትራክተሮች ላይ፣ በተባይ መድኃኒት ጠርሙሶችም ላይ ተጽፎ ይገኛል። የቃሉን ትርጉም በግማሽ ማወቅ ምን ያህል ሊጎዳ እንደሚችል እኛው ራሳችን አይተናል። ከዚያ እንጀምር።

በምናስተምርበት ቀበሌ በቆሎው ትል ገባበት። ለመርጨት የሚሆን ፀረ ተባይ በጠርሙስ መጣ። በጠርሙሱ ላይ ያለው ጽሑፍ በእንግሊዝኛ ነበር። የመኪና ረዳት የነበረ አንድ ወጣት የእንግሊዝኛ ፊደል ይለያል። ጽሑፉን ቀስ እያለ ፊደል በፊደል አነበበው። «ጊር» ከሚለው ሲደርስ ፊቱ በራ። «ይቺንስ አውቃታለሁ! ማርሽ ማለት ናት። በሞተር ለሚረጩት የተጻፈ ነው፤ እኛን አይመለከትም» አለ። እኛም ተማሪዎቹ ቃሉን የምናውቀው በማርሽነቱ ብቻ ስለነበር ዝም አልን። ሰዎቹ በባዶ እግራቸው፣ እጅጌያቸውን ሰብስበው መርጫውን ሊያዝሉ ተነሡ።

በዚህ ጊዜ አንድ ሽማግሌ «እናንተ ልጆች፣ መርዝ ደግሞ ማርሽ አለው እንዴ?» ብለው ጠየቁን። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኛ ግን አፈርን። መዝገበ ቃላታችንን አውጥተን ገለጥን። እውነትም ቃሉ ማርሽ ማለት ነው፤ ነገር ግን ሌላም ትርጉም አለው። ልብስና ትጥቅ ማለትም ነው። የጠርሙሱ ጽሑፍ «የመከላከያ ልብስና ዕቃ ሳትለብሱ አትርጩ» የሚል ነበር። ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል ይባላል። ሽማግሌው ዝም ቢሉ ኖሮ የእኛ ግማሽ ዕውቀት ሰው ይጎዳ ነበር።

ለመሆኑ ማርሽና ልብስ እንዴት በአንድ ስም ተጠሩ?

ከሺህ ዓመት በፊት፣ ዛሬ ኖርዌይና ዴንማርክ ከሚባሉት አገሮች በመርከብ የመጡ ሰዎች በእንግሊዝ አገር ሰፈሩ። መጀመሪያ የመጡት ለዘረፋ ነበር። በኋላ ግን ብዙዎቹ መሬት ይዘው አረሱ፤ ከአገሬው ጋር ተጋቡ፤ ቋንቋቸውም ከአገሬው ቋንቋ ጋር ተደባለቀ። እነዚህ ሰዎች ልብስንና ትጥቅን «ጌርቪ» ይሉት ነበር። ቃሉ መሥራት፣ ማዘጋጀት ከሚል ግሥ ጋር የተዛመደ ነው። ስለዚህ ጊር ከሥሩ ሲታይ ለሥራ መዘጋጃ ማለት ነው።

በፈረንጆች አቆጣጠር በ1200 ዓ.ም. ገደማ ቃሉ በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ውስጥ ይገኛል። ወታደር የሚታጠቀው መሣሪያ ጊር ነበር። ሰው የሚለብሰውም ጊር ነበር። ፈረስ ጋሪ ለመጎተት ሲጠመድ የሚታሰርበት ጠፍርም ጊር ተባለ። የእኛ ገበሬ በማለዳ ቀንበሩንና ሞፈሩን እንደሚያሰናዳ፣ የእንግሊዝ ገበሬም ጊሩን ያሰናዳ ነበር ማለት ነው።

በ1500ዎቹ ዓመታት ደግሞ ጥርስ ያላቸው መዘውሮች በዚሁ ስም መጠራት ጀመሩ። በአውሮፓ ብዙ የውሃ ወፍጮዎች መዘውራቸው ቆሞ ነው የሚዞረው። የወፍጮው ድንጋይ ግን ተኝቶ ይዞራል። የቆመውን ከተኛው ጋር የሚያገናኙት እርስ በርስ የሚነካከሱ የእንጨት ጥርሶች ነበሩ። እነዚህም የወፍጮው ዕቃዎች ናቸውና ጊር ተባሉ። ከብዙ ዘመን በኋላ መኪና ሲሠራ ስሙ ወደ መኪናው ጥርሶች ተሻገረ። እንግዲህ ልብሱ የሰው ዕቃ ነው፤ ጠፍሩ የፈረስ ዕቃ ነው፤ ጥርሱ የመኪና ዕቃ ነው። የሦስቱም ስም ከአንድ ሥር የበቀለ ነው።

እኛ «ማርሽ» የምንለው ቃል ከጣሊያንኛ የመጣ ነው። በጣሊያንኛ መራመድ ማለት ነው። ስሙ ለሥራው ይስማማል፤ ማርሽ የመኪና እርምጃ ነውና። አሠራሩም እንዲህ ነው። አሥር ጥርስ ያለው ትንሽ መዘውር አርባ ጥርስ ያለውን ትልቅ መዘውር ያዞራል እንበል። ትንሹ አራት ጊዜ ሲዞር ትልቁ የሚዞረው አንዴ ብቻ ነው። ፍጥነቱ ወደ ሩብ ይወርዳል። የማዞር ጉልበቱ ግን ወደ አራት እጥፍ ይጠጋል። የጫነ መኪና ዳገት ሲገጥመው ሾፌሩ ወደ አንደኛ ማርሽ የሚመልሰው ለዚህ ነው። ሰውስ ሸክም ይዞ አቀበት ሲወጣ እርምጃውን ያሳጥር የለም?

ታዲያ ጊር የሚለውን ቃል ስናገኝ የትኛው ትርጉም እንደሆነ በምን እናውቃለን? ሦስት መለያዎች አሉ።

አንደኛ፣ ከፊቱ ያለውን ቃል እንመልከት። እንግሊዝኛም እንደ አማርኛ ብዙ ጊዜ ገላጩን ቃል ያስቀድማል። «ፊሺንግ ጊር» የዓሣ ማጥመጃ ዕቃ ነው፤ መረብና መንጠቆ ማለት ነው። «ላንዲንግ ጊር» አውሮፕላን ሲያርፍ የሚቆምባቸው እግሮቹና ጎማዎቹ ናቸው። «ፕሮቴክቲቭ ጊር» ደግሞ ከጉዳት መከላከያ ልብስና ዕቃ ነው።

ሁለተኛ፣ መጨረሻውን እንመልከት። መዘውር ይቆጠራል፤ ስለዚህ ሲበዛ «ጊርስ» ይባላል። ልብስና ትጥቅ ሲሆን ግን ብዙም ቢሆን ያው «ጊር» ነው። መጨረሻው ላይ «ስ» ካለ ብዙውን ጊዜ ነገሩ የጥርስ ነው።

ሦስተኛ፣ የተጻፈበትን ቦታ እንመልከት። በመኪና ላይ ከሆነ ማርሽ ሊሆን ይችላል። በመርዝ ጠርሙስ ላይ ከሆነ የሚለበስ ነገር ነው። ሽማግሌው አንድ የእንግሊዝኛ ፊደል ሳያውቁ የደረሱበት በዚህ መንገድ ነው።

ለመሆኑ በጠርሙሱ ላይ የታዘዘው ልብስ ምን ምን ነው? የላስቲክ ጓንት፣ የላስቲክ ቦት ጫማ፣ እጅጌው ረጅም የሆነ ልብስ፣ ረጅም ሱሪ፣ የዓይን መነጽር፣ የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ ናቸው። አፍን በነጠላ መጠምጠም አይበቃም፤ ነጠላ መርዙን መጥጦ ከቆዳ ጋር ያጣብቀዋል። እኛ ፀረ ተባዩን «መድኃኒት» እያልን እንጠራዋለን። ለበቆሎው መድኃኒት ይሁን እንጂ ለሰው መርዝ ነው። ብዙው በአፍ ብቻ ሳይሆን በቆዳም ዘልቆ ይገባል። ራስ ምታት፣ ላብ፣ ማስመለስና መንቀጥቀጥ ከታየ ሥራውን ማቆም፣ የተነከረውን ልብስ ማውለቅ፣ ገላን በሳሙናና በብዙ ውሃ መታጠብ፣ ከዚያም ጠርሙሱን ይዞ ወደ ጤና ጣቢያ ፈጥኖ መሄድ ያስፈልጋል። ጠርሙሱ የሚያዘው ሐኪሙ የመርዙን ዓይነት እንዲያውቅ ነው። ባዶውን ጠርሙስ ግን ለውሃም ሆነ ለዘይት መያዣ ማድረግ አይገባም።

በዚያን ቀን መርጨቱ ቀርቶ ለሌላ ቀን ተላለፈ። ትሉ ጥቂት ተጨማሪ በቆሎ በላ። ሰው ግን አልተጎዳም። የመኪና ረዳት የነበረው ወጣትም አልተሰደበም፤ ፊደል በመለየቱ ጽሑፉ የተነበበው በእሱ ነውና። የጎደለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እሱንም ሽማግሌው በጥያቄ ሞሉት።

እኛም ከዚህ የተማርነው ይህንን ነው። ማንበብ ማለት ፊደልን ከፊደል ማገጣጠም ብቻ አይደለም። ያነበብነው ነገር ከቦታው ጋር ይስማማል ወይ ብሎ መጠየቅም ነው። ካልተስማማ፣ አንባቢው የተማረ ነው ብላችሁ ዝም አትበሉ። ጠይቁ።

ጥያቄዎች

1. «ጊር» የሚለው ቃል ከሥሩ ምን ማለት ነው?

2. በእናንተ አካባቢ «ዕቃ» የሚለው ቃል በስንት ዓይነት ይነገራል? አምስቱን ጻፉ።

3. ሽማግሌው ቃሉ ማርሽ ማለት አለመሆኑን የጠረጠሩት በምን ምክንያት ነው?