ልብ ሲቆም አንጎልን የሚጠብቀው መሣሪያ

ልብ ተከፍቶ ይታከም ዘንድ አስቀድሞ መቆም አለበት፤ ልቡ የቆመው ሰው በሕይወት ይቆይ ዘንድ ደግሞ የልብንና የሳንባን ሥራ ተክቶ የሚሠራ መኪና ያስፈልገዋል። አሜሪካዊው ሐኪም ጆን ጊቦን እ.ኤ.አ. በ1953 በፊላዴልፊያ ከተማ በዚህ መኪና ረዳትነት አንዲት ታማሚ ካዳነ ወዲህ የቀዶ ጥገና ጥበብ ወደ ልብ እልፍኝ ደፍሮ ገባ። ነገር ግን ክብደቱ ከሰውነታችን ክብደት ከመቶ ሁለት እጅ ያህል ሆኖ ሳለ ሰውነት ከሚፈጀው ኦክሲጅን አንድ አምስተኛውን የሚወስደው አንጎል፣ ለጥቂት ደቂቃ እንኳ ደም ቢቋረጥበት የማይታገሥ ሲሆን፣ በማደንዘዣ ኀይል ልሳኑ ተዘግቶ ስለሚተኛ፣ ጉዳቱን የሚናገርለት ምስክር ያሻዋል።

የመጀመሪያው ምስክር የአንጎል የኤሌክትሪክ ሞገድ ነው። ጀርመናዊው የአእምሮ ሐኪም ሐንስ በርገር በየና ከተማ እ.ኤ.አ. በ1924 ከሰው ራስ ቀድቶ በ1929 ሲያሳትመው፣ የሙያ ባልደረቦቹ ለዓመታት ተጠራጠሩት። ሞገዱ በቮልት ሚሊዮንኛ የሚለካ እጅግ ደካማ ነገር ስለ ሆነ፣ ሐኪሙ ደም በሚያቆምበት የኤሌክትሪክ ቢላዋ ይታወካል፤ በእኔ አስተያየት ከመሣሪያው ይልቅ የሚደነቀው፣ ሁከቱን ከእውነተኛው ምልክት ለይቶ የሚያነበው ባለሙያ ማስተዋል ነው። ሁለተኛው ምስክር በግንባር ግራና ቀኝ ከሚለጠፍ መሣሪያ ወጥቶ የራስ ቅልን ዘልቆ የሚያልፍ፣ ለዓይን የማይታይ ታሕተ ቀይ ብርሃን ነው፤ ኦክሲጅን የተሸከመ ደምና ያልተሸከመ ደም ብርሃኑን በተለያየ መጠን ስለሚውጡት፣ በአንዱ ወገን ቍጥሩ ሲያሽቆለቍል ሐኪሞቹ የደም ማስገቢያው ቱቦ ከስፍራው እንዳልተዛነፈ ይመረምራሉ፣ የደም ግፊቱንም ከፍ ያደርጋሉ።

ከሁሉ የሚያስገርመው ከልብ የሚወጣው ታላቁ የደም ሥር፣ አኦርታ፣ በቅስቱ ላይ ሲጠገን የሚሆነው ነው። በዚያን ጊዜ መኪናው ራሱ ሊቆም ስለሚችል፣ የታማሚው ሰውነት እስከ 18 ወይም 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀዘቅዛል፤ በሌላ ጊዜ የሞት ምልክት የሚባለው የሞገዱ መስመር ፍጹም መስተካከልም እዚህ እንደ በጎ ዜና ይጠበቃል፤ ሥራውን ያቆመ አንጎል ጥቂት ኦክሲጅን ብቻ ይበቃዋልና። ሙቀት ሲመለስ ሞገዱ በመጀመሪያ እየፈነዳና እየተቋረጠ፣ ኋላም ሳይቋረጥ ይመጣል፤ ከመጠን ያለፈ ሙቀት አንጎልን ስለሚጎዳ ግን መኪናውን የሚያንቀሳቅሰው ባለሙያ ደሙን ከ37 ዲግሪ እንዳያሳልፍ ተጠንቅቆ ቀስ በቀስ ያሞቀዋል፣ ቀዶ ሐኪሙ የቱንም ያህል ቢቸኩል።