የቤትና የሥራ ቦታ መሣሪያዎችን በስልክ መተግበሪያ ስለመቆጣጠር፦ ከመግዛትና ከማስገጠም በፊት ሊታወቁ የሚገባቸው ጉዳዮች

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ በአዲስ አበባ ከተማ በእጅ ስልክ መተግበሪያ የሚታዘዙ መሣሪያዎችን በመኖሪያ ቤትና በሥራ ቦታ ማስገጠም እየተለመደ መጥቷል። በሰሜን አዲስ አበባ በሚገኘው የጉለሌ ክፍለ ከተማም ሁኔታው ተመሳሳይ ነው። በሽሮ ሜዳ የሀገር ባህል ልብስ የሚሸጥ ነጋዴ ማታ ከቤቱ ሆኖ የሱቁን ካሜራ ይመለከታል፤ በአዲሱ ገበያ አካባቢ ቤት ያከራየ ሰው የግቢውን የውሃ ፓምፕ ከሥራ ቦታው ያስነሳል፤ በውጭ አገር የሚኖሩ ልጆች የአረጋውያን ወላጆቻቸውን ደጃፍ በስልካቸው ይከታተላሉ።

ይሁን እንጂ ገዢዎች በአብዛኛው የሚጠይቁት መሣሪያው ምን ምን መሥራት እንደሚችል ነው። ከዚህ ሊቀድሙ የሚገባቸው ጥያቄዎች ግን ሁለት ናቸው። መብራት ወይም ኢንተርኔት ሲቋረጥ መሣሪያው ምን ይሆናል? በመተግበሪያው ላይ የመሣሪያው ባለቤት ሆኖ የተመዘገበውስ ማን ነው? ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ሳያገኙ ማስገጠም ከወጪው ባሻገር የንብረትና የሕይወት ጉዳት ሊያስከትል ይችላል።

ትእዛዙ የሚጓዝበት መንገድ

በስልክ ላይ ያለው ምልክት ሲነካ አምፖሉ ወዲያው ስለሚበራ ስልኩና አምፖሉ በቀጥታ የተገናኙ ይመስላል። በብዙዎቹ መሣሪያዎች ዘንድ ግን ነገሩ እንዲህ አይደለም። ትእዛዙ ከስልኩ ተነስቶ በሞባይል ዳታ ወይም በዋይፋይ ወደ ኢንተርኔት ይወጣል፤ ብዙውን ጊዜ በውጭ አገር ወደሚገኝ የአምራቹ ሰርቨር ይደርሳል፤ ከዚያም ተመልሶ በቤቱ ራውተር በኩል ወደ መሣሪያው ይገባል። በእንጦጦ ግርጌ በሚገኝ ቤት አልጋ ላይ ሆኖ የራስጌ መብራት ለማጥፋት እንኳ ባሕር ተሻግሮ የሚመለስ መልእክት ሊያስፈልግ ይችላል።

ከዚህ መንገድ አንዱ ክፍል ከተቋረጠ ትእዛዙ አይደርስም። መብራት ሲጠፋ ራውተሩም አብሮ ስለሚጠፋ፣ በፋይበርም ሆነ በመዳብ መስመር የሚመጣው ኢንተርኔት ለቤቱ ካሜራና ለበሩ ቁልፍ አይደርስም። ለራውተርና ለካሜራ ብቻ የሚያገለግል አነስተኛ ባትሪ ማስቀመጥ ይህን ችግር ለተወሰኑ ሰዓታት ያቃልላል፤ ወጪውም መላውን ቤት የሚሸከም ጄኔሬተር ወይም ኢንቨርተር ከመግዛት እጅግ ያነሰ ነው። የካርድ ቆጣሪ ያላቸው ደንበኞች ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር ሊያስቡ ይገባል። ለጥቂት ሳምንታት ከቤት ርቀው ሳለ የተሞላው ሒሳብ ካለቀ፣ ቤቱን ይጠብቃል ተብሎ የተተከለው ካሜራ ራሱ ይጠፋል። ስለሆነም ከመጓዝ በፊት በቂ ሒሳብ መሙላት ያስፈልጋል። የኃይል መቋረጥን በተመለከተ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት የጥሪ ማዕከል 905 ነው።

ኢንተርኔት አስተማማኝ በማይሆንበት ስፍራ በሲም ካርድ የሚሠሩና በአጭር የጽሑፍ መልእክት ወይም በስልክ ጥሪ የሚታዘዙ መቆጣጠሪያዎች የተሻለ አማራጭ ናቸው። መልካቸው እንደ ዘመናዊዎቹ ማራኪ ላይሆን ይችላል። ሆኖም የውሃ ፓምፕ ለማስነሳት ወይም የግቢ መብራት ለማብራት ከዚህ የበለጠ አያስፈልግም፤ ዳታም አይፈጁም። በዋይፋይ የሚሠራ መሣሪያ የሚመርጥ ሰው ደግሞ አብዛኞቹ የሚገናኙት በ2.4 ጊጋኸርዝ ሞገድ ብቻ መሆኑን ማወቅ ይኖርበታል። ራውተሩ በ5 ጊጋኸርዝ ብቻ እንዲሠራ ተደርጎ ከሆነ መሣሪያው ሳይበላሽ «አልሠራም» ተብሎ ወደ መደብሩ ይመለሳል።

በአምራቹ ሰርቨር ላይ ብቻ የተንጠለጠለ መሣሪያ ሌላም አደጋ አለው። እ.ኤ.አ. በ2022 ኢንስቲዮን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ሰርቨሮቹን ያለ ቅድመ ማስታወቂያ በመዝጋቱ፣ ደንበኞቹ ዋጋ ከፍለው ያስገጠሟቸውን መሣሪያዎች በመተግበሪያው ማዘዝ ተስኗቸው ነበር። የስሙ ምንነት በማይታወቅና አምራቹ በማይገለጽ መሣሪያ ላይ ይህ የመድረሱ ዕድል ከፍ ያለ ነው። ስለዚህ የሚገዛው መብራት ግድግዳ ላይ ባለው ማብሪያ፣ በሩም በተለመደው ቁልፍ መሥራቱን የሚቀጥል መሆን አለበት። ሜካኒካል ቁልፍ የሌለው የመግቢያ በር መዝጊያ ለመኖሪያ ቤት አይመከርም።

መብራት ሲመለስ

መብራት መጥፋቱ የሚያስቸግረውን ያህል፣ መብራት ሲመለስ የሚፈጠረው ሁኔታም ትኩረት ይሻል። በስልክ የሚታዘዝ ሶኬት ኃይል ሲመለስለት ከሦስት አንዱን ያደርጋል፦ ጠፍቶ ይቆያል፣ ይበራል፣ ወይም መብራቱ ከመጥፋቱ በፊት ወደነበረበት ይመለሳል። በብዙ መተግበሪያዎች ውስጥ ይህ ምርጫ ሊስተካከል ይችላል፤ ነገር ግን ከፍቶ የሚያየው ሰው ጥቂት ነው። ልብስ ሲተኮስ መብራት ጠፍቶ ቤተሰቡ ከቤት ከወጣ በኋላ ኃይል ቢመለስ፣ ካውያው ማንም በሌለበት መጋሉን ይቀጥላል። ቤቶች ግድግዳ ለግድግዳ ተጠጋግተው በተሠሩባቸውና መተላለፊያቸው ለእሳት አደጋ መኪና ጠባብ በሆነባቸው ሰፈሮች እንዲህ ያለው ስሕተት ለጎረቤትም ይተርፋል። ማሞቂያና ማብሰያ የሚሰካባቸው ሶኬቶች ኃይል ሲመለስ ጠፍተው እንዲቆዩ መስተካከል አለባቸው። የአዲስ አበባ የእሳትና ድንገተኛ አደጋ ጥሪ ቁጥር 939 መሆኑን በቤት ውስጥ ያሉ ሁሉ ሊያውቁት ይገባል።

የኃይል መጠንም እንዲሁ። በ220 ቮልት ላይ 10 አምፔር የሚሸከም ሶኬት የሚችለው 2200 ዋት ብቻ ነው፤ 16 አምፔር የሚሸከመው ደግሞ 3520 ዋት ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ብዙውን ጊዜ ከ3000 ዋት በላይ ይጠቀማል፤ እንጀራ ሲጋገርም ለረጅም ሰዓት ሳያቋርጥ ይሠራል። ስለዚህ ምጣድን በ10 አምፔር ሶኬት ላይ መሰካት ፈጽሞ አይገባም፤ 16 አምፔር የተጻፈበትም ቢሆን በአቅሙ ጫፍ ላይ ለሰዓታት ሲሠራ ይግላል፣ ይቀልጣልም። ምጣድን በስልክ ማብራት ምን ጥቅም እንዳለው ማሰብም ተገቢ ነው፤ ሊጡን የሚያሰፋው ሰው እዚያው ምጣዱ አጠገብ ነውና። እንደ ቦይለር ያሉ ከባድ ጭነቶችን በስልክ ማዘዝ የሚፈልግ ሰው ግን ፈቃድ ባለው የኤሌክትሪክ ባለሙያ አማካይነት ኮንታክተር ማስገጠም ይኖርበታል። በዚህ አሠራር ትንሹ ሶኬት ወይም መቆጣጠሪያ ኮንታክተሩን ብቻ ያዛል፤ ከባዱ ኃይል የሚያልፈው በኮንታክተሩ ነው።

ውሃ በፈረቃ በሚደርስባቸው ግቢዎች ፓምፕን ከርቀት ማስነሳት እውነተኛ ጥቅም አለው፤ ውሃ የሚመጣበትን ሌሊት ጠብቆ መነሳትን ያስቀራል። ነገር ግን ውሃ በሌለበት የሚሽከረከር ፓምፕ ይቃጠላል፤ ሮቶው ሞልቶ ካልጠፋ ደግሞ ውሃው ይፈሳል። በስልክ የሚሰጥ ትእዛዝ ሮቶው መሙላቱን አያውቅም። ይህን የሚያውቀው በሮቶውና በመሬት ውስጥ ማጠራቀሚያው የሚገጠመው ተንሳፋፊ ማጥፊያ ስለሆነ፣ መተግበሪያው እርሱን ሊተካ አይችልም።

ባለቤቱ ማን ነው?

የደህንነት ካሜራ፣ ዘመናዊ ቁልፍ ወይም ሶኬት ሲገጠም በመጀመሪያ የሚከፈተው አካውንት የባለቤትነት ሙሉ መብት አለው። ይህ አካውንት ሌሎችን ይጨምራል፣ ይሰርዛል፤ የተቀረጸውን ያያል፣ ያጠፋል። በተግባር እንደሚስተዋለው ግን ገጣሚው ባለሙያ ሥራውን ለማፋጠን በራሱ ስልክና በራሱ ኢሜይል አካውንቱን ይከፍትና ባለንብረቱን በተጋባዥነት ብቻ ያስገባዋል። ባለንብረቱ ምስሉን በስልኩ ስለሚያይ ሁሉም ነገር የተሟላ ይመስለዋል። በእውነቱ ግን የቤቱ ቁልፍ በሌላ ሰው ኪስ ውስጥ ቀርቷል። ባለሙያው ታማኝ ቢሆን እንኳ ስልኩ ቢጠፋ ወይም ቢሰረቅ የደንበኞቹ ቤት ሁሉ ይጋለጣል።

ስለሆነም አካውንቱ ሊከፈት የሚገባው በባለንብረቱ ስልክ ቁጥርና ኢሜይል፣ የይለፍ ቃሉን ራሱ ባለንብረቱ እየጻፈ ነው። ሒሳብ ከመክፈል በፊት በመተግበሪያው ውስጥ የተጠቃሚዎችን ዝርዝር አስከፍቶ ማየት፣ ገጣሚው በዝርዝሩ ካለም ማሰረዝ ይገባል። ባለሙያው ለጥገና ከፈለገው በጊዜ የተወሰነ ፈቃድ መስጠት ይቻላል። በውጭ አገር ያሉ ልጆች ለወላጆቻቸው ካሜራ ሲያስገጥሙም አካውንቱ በእነርሱ ስም መሆኑ ባይከፋም፣ ቢያንስ አንድ እዚህ የሚገኝ የቤተሰብ አባል የማጥፋትና የማብራት መብት ሊኖረው ያስፈልጋል።

ከፋብሪካ የመጣውን የይለፍ ቃል አለመቀየር ያስከተለውን ጉዳት ዓለም አይቶታል። እ.ኤ.አ. በ2016 ሚራይ የተባለ ጎጂ ፕሮግራም ከ60 በሚበልጡ የታወቁ የፋብሪካ የይለፍ ቃሎች እየሞከረ ወደ ብዙ ካሜራዎችና የምስል መቅረጫዎች ገባ፤ በጥቅምት ወር በአሜሪካው ዳይን ኩባንያ ላይ በተሰነዘረው ጥቃትም ታላላቅ ድረ ገጾች ለሰዓታት ተቋረጡ። የካሜራዎቹ ባለቤቶች መሣሪያቸው ለጥቃት መዋሉን አላወቁም ነበር። የይለፍ ቃሉን መቀየር፣ የሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ማብራትና አምራቹ የሚልከውን ማሻሻያ መጫን ጥቂት ደቂቃ የሚወስዱ ናቸው። እነዚህ መሣሪያዎች ገንዘብ ከሚንቀሳቀስባቸውና የሥራ ሰነድ ከሚቀመጥባቸው ኮምፒውተሮች በተለየ ዋይፋይ ላይ ቢሆኑ ደግሞ ይመረጣል፤ በብዙ ራውተሮች ላይ የእንግዳ ዋይፋይ የሚባለው ለዚህ ያገለግላል።

ያለ ፈቃድ ወደ ሌላ ሰው ካሜራ ወይም መቆጣጠሪያ መግባት በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 መሠረት በወንጀል ያስጠይቃል። የቀድሞ ሠራተኛ ወይም ገጣሚ የይለፍ ቃሉን ስለሚያውቅ ብቻ የመግባት መብት አለው ማለት አይደለም።

ካሜራው የሚያየው

የራስን በር መጠበቅ ተገቢ ነው። ነገር ግን በአንድ ግቢ ውስጥ አከራይና ተከራይ አብረው በሚኖሩበት ሁኔታ ካሜራው ወደ ተከራዩ በርና መስኮት፣ ወደ ጋራ መታጠቢያ ወይም ወደ ጎረቤት ግቢ እንዳይዞር ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በቤት ውስጥ የሚሠሩ ሠራተኞችም ካሜራ መኖሩን ሊያውቁ ይገባል፤ በሚተኙበት ክፍል ካሜራ ማስቀመጥ ነውርም ጥፋትም ነው። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የግል መረጃ ለታወቀና ሕጋዊ ለሆነ ዓላማ እንዲሰበሰብ፣ ከሚያስፈልገው ጊዜ በላይ እንዳይቆይና ደህንነቱ እንዲጠበቅ ያዝዛል። ደንበኞቻቸውንና ሠራተኞቻቸውን የሚቀርጹ ሱቆችና ድርጅቶች በመግቢያው ላይ በሚነበብ ጽሑፍ ማሳወቅ፣ ምስሉን ማን እንደሚያይም መወሰን ይጠበቅባቸዋል።

ከርቀት ማየት ዳታ እንደሚፈጅም መታወስ አለበት። በሰከንድ 1 ሜጋቢት የሚልክ ካሜራ በአንድ ሰዓት ወደ 450 ሜጋባይት፣ ቀንና ሌሊት ያለማቋረጥ ከታየ በቀን ከ10 ጊጋባይት በላይ ይወስዳል። በቦታው ባለ መቅረጫ ላይ አስቀምጦ ሲያስፈልግ ብቻ መክፈት ይህን ወጪ ያስቀራል።

በመሥሪያ ቤትና ስልክ ሲጠፋ

በመሥሪያ ቤቶች የበር መግቢያ፣ የካሜራና የአየር ማቀዝቀዣ መቆጣጠሪያዎች በአንድ ሠራተኛ የግል ስልክ ሊያዙ አይገባም፤ በተቋሙ ኢሜይል ተመዝግበው ቢያንስ ሁለት ኃላፊዎች ሊያውቋቸው ይገባል። ሠራተኛ ሲለቅ ከሚፈረምባቸው የርክክብ ቅጾች መካከል የመተግበሪያ ፈቃድ መሰረዙን የሚያረጋግጥ መስመር ቢጨመር ብዙ ጣጣ ያስቀራል።

ዛሬ ቴሌብርን የያዘው፣ የባንክ መልእክት የሚቀበለውና በር የሚከፍተው ስልክ አንድ ነው። ስልክ ሲጠፋ በቅድሚያ ለቴሌኮም አቅራቢው፣ ለኢትዮ ቴሌኮም ደንበኞች በ994፣ ደውሎ ሲም ካርዱን ማዘጋት፣ ቀጥሎም በሌላ ስልክ ወደ መተግበሪያው ገብቶ የጠፋውን ስልክ ከዝርዝሩ ማስወጣትና የይለፍ ቃሉን መቀየር ያስፈልጋል። በአጭር መልእክት የሚመጣ የማረጋገጫ ቁጥር፣ የኩባንያው ሠራተኛ ነኝ ለሚል ደዋይም ቢሆን፣ አይነገርም። ቤት ሲሸጥ፣ ሲለቀቅ ወይም መሣሪያው ለሌላ ሰው ሲተላለፍ ደግሞ አስረካቢው መሣሪያውን ከአካውንቱ ማስወጣትና ወደ ፋብሪካ ይዞታው መመለስ፣ ተረካቢውም ይህ መደረጉን በዓይኑ አይቶ በራሱ ስም እንደገና መመዝገብ ይኖርበታል።