በአንድ አምፖል ብርሃን፦ የአዝማሪን ጥበብ በካሜራ ማስቀረት

ደብረ ታቦር፦ ፀሐይ ወደ ጣና አዘቅዝቃ የጉና ብርድ ሲበረታ፣ የደቡብ ጎንደር ከተሞች ጨዋታ ከአደባባይ ወደ ቤት ይገባል። በጠጅ ቤቱ ውስጥ አንድ አምፖል ከጣራው ተንጠልጥሏል፤ አንዳንዴም መብራት ይጠፋና ሻማ ይተካዋል። አዝማሪው ማስንቆውን ቃኝቶ ከወንበር ወንበር ይዘዋወራል። ከታዳሚው አንዱ "ተቀበል!" ይላል፤ ስንኝ ይሰጣል፤ አዝማሪው ተቀብሎ ያዜማል። ሰምና ወርቁ የገባው ይስቃል፣ ያልገባው ጎረቤቱን ይጠይቃል።

ያ ስንኝ በማግሥቱ አይደገምም። የተባለው ለዚያ ሰው፣ ለዚያች ሰዓት ነውና። የአዝማሪ ጥበብ በቃል የሚኖር በመሆኑ፣ ቤቱ ሲፈርስ ወይም ባለሙያው ሲያልፍ አብሮ የሚሄደው ብዙ ነው። ፎቶግራፍ ዜማውን ባያስቀርም ፊቱን፣ እጁን፣ ማስንቆውንና የታዳሚውን ገጽታ ለትውልድ ያቆያል። ፈረንሳዊው የሙዚቃ ተመራማሪ ፍራንሲስ ፋልሴቶ የኢትዮጵያን ዘመናዊ ሙዚቃ ታሪክ በፎቶግራፍ የተረከበት "አቢሲኒ ስዊንግ" የተሰኘው መጽሐፍ የዚህ ማሳያ ነው፤ መጽሐፉ ሊዘጋጅ የቻለው በየዘመኑ ካሜራ የያዘ ሰው ስለነበረ ነው።

ይሁን እንጂ ጨለማ ቤት ለካሜራ አስቸጋሪ ነው። የብዙዎች የመጀመሪያ መፍትሔ ፍላሽ ማብራት ነው፤ ነገር ግን ጉዳቱ ከጥቅሙ ይበልጣል። ከፊት ለፊት የሚመጣው ብልጭታ ፊትን አንጽቶ ግድግዳውን ያጠቁራል፤ የቤቱን ድባብም ያጠፋል። ከሁሉም በላይ የአዝማሪውን ዓይን ይወጋል፣ ስንኝ የሚያቀብለውን ታዳሚ ያሸማቅቃል። ሊነሣ የታሰበው ጨዋታ በራሱ በፎቶግራፉ ምክንያት ይቋረጣል ማለት ነው።

ያለ ፍላሽ ለመሥራት ሦስት ነገሮችን ማመዛዘን ያስፈልጋል። የመጀመሪያው የሌንሱ ብርሃን ማስገቢያ ቀዳዳ፣ ማለትም አፐርቸር ነው። ከካሜራ ጋር አብሮ የሚሸጠው ሌንስ ብዙ ጊዜ ሲያቀርብ ከኤፍ 5.6 በላይ አይከፈትም። ዋጋው ከሌሎች ሌንሶች አነስ የሚለው ባለ 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ግን እስከ ኤፍ 1.8 ይከፈታል፤ ይህም አሥር እጥፍ የሚጠጋ ብርሃን ያስገባል። በምላሹ ጥርት ብሎ የሚታየው ርቀት ስለሚጠብብ ትኩረቱን በአዝማሪው ዓይን ላይ ማሳረፍ ግድ ነው።

ሁለተኛው ብርሃን የሚገባበት የጊዜ ርዝመት፣ ሸተር የሚባለው ነው። ለተቀመጠ ዘፋኝ ከሰከንድ አንድ ስልሳኛ ሊበቃ ይችላል፤ ለእስክስታ ትከሻ ግን አንድ ሁለት መቶ ሃምሳኛም ላይበቃ ይችላል። እዚህ ላይ ብዙዎች የማያስተውሉት ነገር አለ። የሀገራችን የኤሌክትሪክ ኃይል በሰከንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል፤ በዚህ ምክንያት አንዳንድ አምፖሎች፣ በተለይም ርካሽ ኤል ኢ ዲዎች፣ ዓይን ሳያየው በሰከንድ 100 ጊዜ ይርገበገባሉ። በፈጣን ሸተር የተነሣ ፎቶግራፍ ላይ ጥቁር መስመር የሚጋደመው ወይም አንዱ ፎቶ ደምቆ ቀጣዩ የሚጨልመው ለዚህ ነው። በእንዲህ ያለ ቤት ሸተሩን ወደ አንድ ሃምሳኛ ወይም አንድ መቶኛ ማውረድ ችግሩን ያቃልላል።

ሦስተኛው የካሜራው ለብርሃን ስሱ መሆን፣ አይ ኤስ ኦ ነው። ወደ 3200 ወይም 6400 ከፍ ሲል ምስሉ ላይ ነቁጥ ይበዛል። ቢሆንም ነቁጥ ያለበት ፎቶግራፍ ይታያል፤ ነቁጥን ፈርቶ ተንቀጥቅጦ የተነሣ ግን የሚድንበት መንገድ የለም።

መሣሪያ ያላሟላውን ጨዋታውን ማወቅ ያሟላዋል። "ተቀበል" ሲባል አዝማሪው ፊቱን ወደ ተናጋሪው አዙሮ ለቅጽበት ጸጥ ብሎ ያዳምጣል፤ ፊቱ የሚረጋውም በዚያች ቅጽበት ነው። የማስንቆው ደጋን ወዲያና ወዲህ ሲል አቅጣጫውን በሚቀይርበት ጫፍ ላይ እጅ ለአፍታ ይቆማል። ትከሻም ወደ ላይ ወጥቶ ከመመለሱ በፊት እንዲሁ ነው። ዜማውን የሚያውቅ ፎቶግራፍ አንሺ ይህን ቀድሞ ይጠብቃል፤ የማያውቅ ግን ሁልጊዜ ይዘገያል።

ነጭ ልብስም ካሜራን ያሳስታል። ጋቢና ነጠላ ምስሉን ሲሞሉት ካሜራው ብርሃን የበዛ መስሎት ፊትን ያጠቁራል፤ ጨለማው ግድግዳ ሲሰፋ ደግሞ ፊትን አለቅጥ ያነጣል። ስለዚህ መለኪያውን በፊት ላይ ማድረግ ይበጃል። በስልክ የሚያነሣ ሰው ምስሉን በጣቱ ከማቅረብ ይልቅ ራሱ ቢጠጋ ይሻላል። የስልክ የሌሊት ማንሻ ብዙ ምስሎችን አደራርቦ አንድ የሚያደርግ በመሆኑ ለተቀመጠ ሰው እንጂ ለእስክስታ አይሆንም።

ከቴክኒኩ የሚቀድመው ግን ፈቃድ ነው። በ1952 ዓ.ም የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 27 የአንድን ሰው ፎቶግራፍ ያለፈቃዱ በአደባባይ ማሳየትን፣ ማባዛትንና መሸጥን ይከለክላል። ቁጥር 28 በሕዝብ ፊት ለተከናወኑና ሕዝብን ለሚመለከቱ ጉዳዮች፣ እንዲሁም ለባሕልና ለትምህርት ጥቅም ልዩ ሁኔታ ቢያስቀምጥም፣ በጠጅ ቤት ጥግ ብርሌውን ይዞ የተቀመጠ ሰው ፊቱ በማኅበራዊ ሚዲያ እንዲወጣ ፈቅዷል ማለት አይደለም። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ደግሞ ለከዋኞች በክዋኔያቸው ላይ መብት ይሰጣል። አዝማሪው የሚኖረው ከታዳሚው በሚያገኘው ሽልማት ነው። ጥበቡን ወስዶ ስሙን እንኳ ሳይጠይቁ መሄድ፣ ባለሙያውን ለዘመናት ሲከተለው የኖረው ንቀት ሌላ መልክ ነው።

በቤተ ክርስቲያን ጉዳዩ ከዚህም ይለያል። ደቡብ ጎንደር የድጓ ማስመስከሪያዋ ቤተልሔምና የዝማሬ መዋሥዕት መገኛዋ ዙር አባ ያሉበት ምድር ነው። በጣራ ገዳምም ሆነ በሌሎች አድባራት በጧፍ ብርሃን የሚቆመው ማኅሌት አምልኮ እንጂ ትርዒት አይደለም። ካሜራ የሚገባው አባቶች ሲፈቅዱ፣ በፈቀዱት ስፍራና ልክ ብቻ ነው። ፍላሽ ደግሞ ጨርሶ አይታሰብም። በነሐሴ 12 ምሽት ችቦ ሲበራና ልጆች ሆያ ሆዬ ሲጨፍሩ ግን የእሳቱ ብርሃን ራሱ ይበቃል፤ ቢጫ ቀለሙን ሙሉ በሙሉ ማረም የምሽቱን ገጽታ ማጥፋት ይሆናል።

ሥራው ካሜራው ሲዘጋ አያበቃም። የባለሙያው ስም፣ ቦታው፣ ቀኑና ከተቻለም በዚያች ቅጽበት የተባለው ስንኝ ከፎቶግራፉ ጋር ሊጻፍ ይገባል። ቅጂውንም ለአዝማሪው መስጠት ተገቢ ነው። ማንነቱ ያልተጻፈ ፊት ከሃምሳ ዓመት በኋላ "አንድ አዝማሪ" ተብሎ ይቀራል፤ ስሙ የተጻፈለት ግን ለልጅ ልጆቹ አያት፣ ለሀገሩም ታሪክ ይሆናል።