ኮከቡ ሲስት ማን ይደርሳል?

በጅቡቲ ከተማ ስለ ኳስ ሲወራ፣ እግር ኳስም ይሁን ቅርጫት ኳስ፣ አንድ ክርክር አይጠፋም። አንዱ «ልጁ ጎበዝ ነው፤ ግን በቁርጥ ሰዓት አይገኝም» ይላል። ሌላው ደግሞ «ያለ እሱ እዚያስ መች ይደረስ ነበር?» ብሎ ይነሳበታል። ሻይ ቤት የተጀመረው ነገር ሰዉ ቤቱ እስኪገባ አያልቅም። ውድ አንባብያን፣ እኛም ዛሬ ይህንኑ ጥያቄ ይዘን ቀርበናል። የአንድ ቡድን ኮከብ በቁርጥ ሰዓት ይደርሳል ወይስ አይደርስም? (ዓመቶቹን እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር አስቀምጠናል።)

ሩቅ ሳንሄድ ከሳላዲን ሰዒድ እንጀምር። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን ከአፍሪካ ዋንጫ ለ31 ዓመት ርቆ ነበር። በ2012 በማጣሪያው ሱዳን በሜዳዋ 5 ለ 3 አሸነፈችው። በጥቅምት ወር አዲስ አበባ ላይ በተደረገው የመልስ ጨዋታ አዳነ ግርማ አንድ፣ ሳላዲን አንድ አገቡና 2 ለ 0 አለቀ። ድምሩ 5 ለ 5 ቢሆንም ከሜዳ ውጪ ብዙ ያገባ ያልፋል በሚለው ሕግ ኢትዮጵያ አለፈች። ያን ቀን «ሳላዲን በቁርጥ ሰዓት አይገኝም» የሚል ሰው ከየት ይመጣል?

ከሦስት ወር በኋላ፣ ጥር 2013፣ ደቡብ አፍሪካ፣ ኔልስፕሩት። ተጋጣሚዋ ዛምቢያ የዋንጫው ባለቤት ነበረች። በመጀመሪያው አጋማሽ ኢትዮጵያ ፍፁም ቅጣት ምት አገኘች። ሳላዲን መታ፤ የዛምቢያው በረኛ ኬኔዲ ምዌኔ አዳነው። ይባስ ብሎ የኢትዮጵያው በረኛ ጀማል ጣሰው በቀይ ካርድ ወጣ። እረፍት ሊወጡ ሲሉ ደግሞ ኮሊንስ ምቤሱማ ለዛምቢያ አገባ። አሥር ሰው፣ 1 ለ 0፣ ያውም ከሻምፒዮኑ ጋር!

አለቀ ሲባል ግን አላለቀም። በ65ኛው ደቂቃ አዳነ ግርማ አስቆጠረና 1 ለ 1 ወጡ። ብዙ ሰው ያን ጨዋታ ሲያነሳ የሚያስታውሰው የሳተውን ፍፁም ቅጣት ምት ነው። አንድ ሰዓት ለሚጠጋ ጊዜ በአሥር ሰው መጫወታቸው ይረሳል።

እስቲ ሒሳቡን እንሥራ። ኢትዮጵያ ቀጥሎ በቡርኪናፋሶ 4 ለ 0፣ በናይጄሪያ 2 ለ 0 ተሸንፋ በአንድ ነጥብ ወጣች። ያ ምት ገብቶ ዛምቢያን ብታሸንፍ ኖሮ 3 ነጥብ ይኖራት ነበር። ከምድቡ ያለፉት ቡርኪናፋሶና ናይጄሪያ ግን እያንዳንዳቸው 5 ነጥብ ነበራቸው። ታዲያ ያስወጣት የአንድ ሰው እግር ነው?

አሁን ወደ ቅርጫት ኳስ እንምጣ። በ2011 በአሜሪካ ሊግ ፍጻሜ ማያሚ ከዳላስ ሲጫወት ሌብሮን ጄምስ በአራተኛው ጨዋታ ያስቆጠረው 8 ነጥብ ብቻ ነበር። ማያሚ ዋንጫውን አጣ፤ እሱም «በመጨረሻው ሰዓት ይጠፋል» ተባለ። በዓመቱ ዋንጫውን ቢያነሳም በ2013 ሌላ ፈተና መጣ። ፍጻሜው ከሳን አንቶኒዮ ጋር ነው፤ ማያሚ ስድስተኛውን ጨዋታ ከተሸነፈ ዋንጫው ሄደ። ጥቂት ሰከንዶች ሲቀሩ ሳን አንቶኒዮ በሦስት ነጥብ ይመራል። ሌብሮን ከሩቅ ወረወረ፤ ሳተ። ክሪስ ቦሽ ዘሎ ኳሱን ያዘና ወደ ጥግ ላፈገፈገው ሬይ አለን ሰጠው። አለን 5 ሰከንድ ገደማ ሲቀር ሦስት ነጥብ አገባ፤ አቻ ሆኑ! በተጨማሪው ሰዓት ማያሚ 103 ለ 100 አሸነፈ። በሰባተኛው ጨዋታ ሌብሮን 37 ነጥብ አስቆጥሮ ዋንጫውን አስቀረ። ቦሽ ቆሞ ቢያይ ኖሮ ግን ሰባተኛ ጨዋታ የሚባል ነገር አይኖርም ነበር።

የምንኖርባት ጅቡቲም የራሷ ምሳሌ አላት። ሯጩ ሁሴን አህመድ ሳላህ በ1987 ሴኡል ላይ የዓለም ማራቶን ዋንጫን አሸንፎ ነበር። በዓመቱ እዚያው ሴኡል በኦሊምፒክ ማራቶን በመጨረሻዎቹ ኪሎ ሜትሮች ከፊት ሆነ። ነገር ግን ጣሊያናዊው ቦርዲንና ኬንያዊው ዋኪሁሪ አለፉትና ሦስተኛ ወጣ። ወርቁ አመለጠው እንበል። ሆኖም ጅቡቲ እስከ ዛሬ ያላት የኦሊምፒክ ሜዳሊያ ያ ነሐስ ብቻ ነው።

እንግዲህ የእኛ መልስ ይህ ነው፤ ኮከብ አንዳንዴ ይደርሳል፣ አንዳንዴ ይስታል። እሱ የሳተ ቀን ቡድኑ ተነስቶ መሮጡ ነው ልዩነቱ። በካምፕም ሆነ በከተማ ልጆችን የምታሠለጥኑ፣ ፍፁም ቅጣት ምት የሚመታውን፣ እሱ ካልቻለ የሚተካውንም ጨዋታው ሳይጀመር ንገሩ። ነፃ ውርወራ ልጆቹ ደክሟቸው እያለከለኩ ሳሉ አለማምዱ፤ በጨዋታ የሚገጥማቸው እንደዚያ ነውና። ኮከቡ ሲወረውር የቀሩት አራቱ ቆመው እንዳያዩ፤ ለሪባውንድ ይዝለሉ።

ይህ ነገር ሜዳ ላይ ብቻ አይቀርም። በስደት ኑሯችን ስንቱ ቤተሰብ ነው በአንድ ልጅ ትከሻ ላይ የተንጠለጠለው? እሱ ፈተና ካለፈ፣ እሱ ውጭ ከወጣ ሁሉም ይድናል እየተባለ ልጁ እንቅልፍ ያጣል። አንድ ጊዜ ሲሰናከል ደግሞ ስሙ ይጠፋል። በሜዳ ላይም የሳተ ልጅ ተሰድቦ ኳስ ሲተው አይተናል። እባካችሁ፣ በሚቀጥለው ጨዋታ ልጁ ሲስት ከዳር የምትጮኹት እናንተ፣ መጀመሪያ «አይዞህ፣ ተመለስ!» በሉት። ጨዋታው ገና አላለቀም።